ምልክቱን ማን ይውሰደው? የነጌቲቭ ቁጥሮች አካፋዮች ታሪክ

የ12ን አካፋዮች ዘርዝር የተባለ ተማሪ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ብሎ ይጨርሳል። የ−12ን ዘርዝር ሲባል ግን መልሱ እንደ መጽሐፉና እንደ መምህሩ ይለያያል። አንዱ እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች ይደግማል። ሌላው እያንዳንዳቸውን በፖዘቲቭም በነጌቲቭም ጽፎ አሥራ ሁለት ያደርሳቸዋል። ሦስተኛው ቁጥሩን −1 × 2 × 2 × 3 ብሎ ይበትንና −1ን ከሌሎቹ ጋር ያሰልፋል። ከሦስቱ ስሌት የሳተ የለም። የሚለያዩት ማንም ጮክ ብሎ በማያነሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያቺ የመቀነስ ምልክት የማን ናት? የአካፋዩ ናት፣ የሙሉው ቁጥር ናት፣ ወይስ የማንም አይደለችም? በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። ነጌቲቭ ቁጥሮች ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖሩ፤ በኋላ የማባዛት ሕጋቸው ታወቀ፤ አካፋዮቻቸውም አብረው ታወቁ ይባላል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የማባዛት ሕጉ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ ነጌቲቭ ቁጥር አካፋይ አልነበረውም። ምልክት ያለው አካፋይ የተወለደው እኩልዮሽ የሚፈቱ ሰዎች ያለ እሱ መሥራት ሲያቅታቸው ነው፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የታወቀውም ሰዎች ከተራ ቁጥሮች ዓለም ወጥተው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ነው።

መነሻው ዩክሊድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተዘጋጀው «ኤለመንትስ» በሰባተኛው መጽሐፉ ቁጥርን የአሀዶች ስብስብ አድርጎ ይተረጉማል፤ አንድ ራሱ የቁጥሮች መነሻ እንጂ ቁጥር አይደለም። አንድ ቁጥር የሌላው ክፍል የሚሆነው ትንሹ ትልቁን ሲለካው ነው። ዩክሊድ ቁጥሮችን በመስመር ስለሚወክል ነገሩን በዓይነ ኅሊና ማየት ይቻላል፦ የ3 ርዝመት በ12 ርዝመት ላይ አራት ጊዜ ተጋድሞ ሳይተርፍና ሳይጎድል ሲያልቅ 3 የ12 ለኪ ይባላል። እዚህ ትርጉም ውስጥ ሦስት ነገሮች ታስረዋል፦ አካፋዩ ትንሽ ነው፣ ተካፋዩ ትልቅ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ «ስንት ጊዜ» የሚል ቆጠራ ነው። −12ን ወደዚህ ትርጉም ለማስገባት የሚሞክር ሰው ወዲያው ይደናቀፋል። −12 ከ−3 ያንሳል፤ ስለዚህ ትንሹን የሚለካው ትልቁ ሊሆን ነው። 3 ደግሞ −12ን ይለካል ከተባለ መለኪያው የሚጋደመው «ከዜሮ ያነሰ አራት ጊዜ» ነው፤ እንዲህ ያለ ቆጠራ የለም። እንግዲህ ግሪኮች ነጌቲቭ ቁጥርን ስላላወቁ ብቻ አይደለም አካፋዮቹን ያልፈለጉት። ቢያውቁትም ኖሮ አካፋይ ይሉት የነበረው ነገር ከነጌቲቭ ጋር አይገጥምም ነበር። ዲዮፋንቶስ የዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ«አሪትሜቲካ» የሚቀነስ በሚቀነስ ሲባዛ የሚደመር ይሰጣል የሚለውን ደንብ በግልጽ ያስቀምጣል፤ 4 ከአራት እጥፍ ያልታወቀው ቁጥርና ከ20 ድምር ጋር እኩል የሚሆንበት እኩልዮሽ ሲገጥመው ግን የማይረባ ነው ብሎ ይጥለዋል። ደንቡ ቅንፍ ለማባዛት ይጠቅመው ነበር፤ ራሱን ችሎ የቆመ ነጌቲቭ ቁጥር አልነበረውም።

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ እዚያ ነጌቲቭ ቁጥሩ በእጅ ይያዝ ነበርና። የቻይናው «ዘጠኝ ምዕራፎች» በስምንተኛው ምዕራፉ ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን እኩልዮሾች በዘንግ ሰሌዳ ላይ ይፈታል። ሊዩ ሁዪ በ263 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጻፈው ማብራሪያ ቀይ ዘንጎች ለፖዘቲቭ፣ ጥቁር ዘንጎች ለነጌቲቭ እንደሆኑ ይነግረናል። ነገር ግን መጽሐፉ የሚሰጠው የምልክት ደንብ የመደመርና የመቀነስ ነው። የማባዛቱ ደንብ ተለይቶ ተጽፎ የሚገኘው በ1299 በጁ ሺጂዬ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በመካከሉ ከሺህ ዓመት በላይ አለ። ጥቁሩ ዘንግ ያለ ብዜት ደንብ ይህን ያህል ዘመን ሥራውን ሠርቷል፤ ሥራው ረድፍን ከረድፍ መቀነስ ነበርና የነጌቲቭ ቁጥርን አካፋይ የሚጠይቅ ምክንያት አልነበረውም። ቁጥር መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ በምን በምን ይከፈላል ብሎ መጠየቅ ሌላ።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የሕንዱ ብራህማጉፕታ በ628 ሀብትና ዕዳ የሚሉ ስሞችን ይዞ ሙሉውን ደንብ ጽፏል፤ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት፣ ዕዳ በሀብት ሲባዛ ዕዳ ነው ብሏል፤ የማካፈሉንም ደንብ አክሏል። ደንቡን ያወቀ ሰው −12 ከ3 እና ከ−4 እንደሚገኝ አወቀ ማለት አይደለምን? በሎጂክ አዎ። በታሪክ ግን አይደለም፤ ለዚህም ከዚያው ከሕንድ ባህል የሚቀርብ ምስክር አለ። ዳግማዊ ባስካራ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የዝንጀሮ መንጋ ጥያቄ ያቀርባል። ከመንጋው አንድ አምስተኛ ላይ ሦስት ተቀንሶ የቀረው በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ዋሻ ገብቷል፤ አንድ ዝንጀሮ ብቻ ውጭ ይታያል፤ መንጋው ስንት ነው? ስሌቱ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ 50 እና 5። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ባስካራ ግን 5ን አይቀበለውም፤ የ5 አንድ አምስተኛ 1 ነው፤ ከ1 ላይ 3 ሲቀነስ −2 ይመጣልና ሰዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር አይቀበሉም ይላል። −2 በ−2 ተባዝቶ 4 እንደሚሰጥ ባስካራ አሳምሮ ያውቃል፤ 4ቱ ላይ አንዱ ሲደመርም መንጋው በትክክል 5 ይሆናል። ብዜቱ ትክክል፣ ውጤቱ ትክክል፣ አካፋዩ ግን ተቀባይነት የሌለው። ደንቡ መኖሩ ምልክት ያለውን አካፋይ እንደማያስከትል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ያው ባስካራ ነጌቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር የለውም፣ የማንም ቁጥር ስኩዌር አይደለምና ማለቱ ደግሞ ነጌቲቭ ቁጥር ሁለት እኩል አካፋዮች ሊኖሩት አይችልም ማለት ነው። ከነጌቲቭ ቁጥር አካፋዮች ባሕርይ አንዱን ነክቷል፤ አልፎ አልሄደም።

አውሮፓ ይህን ቅርስ ከአረቦች ስትረከብ መጀመሪያ የተቀበለችው ግማሹን ነው። ሚካኤል ሽቲፌል በ1544 ከዜሮ በታች ያሉትን የማይረቡ ቁጥሮች ይላቸዋል፤ በእነሱ መሥራቱን ግን አይተውም። ካርዳኖ በ1545 ነጌቲቭ መልሶችን ሐሰተኛ እያለ ይጽፋቸዋል። በ1570 ደግሞ ይባስ ብሎ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ነጌቲቭ መስጠት አለበት ብሎ ተከራከረ። ይህ የሞኝ ስህተት አይደለም፤ የሚቀነስ ነገር ወደ ሚደመርበት ወገን በምን መብት ይሻገራል የሚል ጥያቄ ነው። የካርዳኖን ደንብ ብንቀበለው ግን የአካፋዮች ሰንጠረዥ ይፈርሳል። −3ን በ4 ብናባዛ −12፤ −3ን በ−4 ብናባዛም −12 ይሆናል። 4 እና −4 ተደምረው ዜሮ ናቸው፤ ስለዚህ −3ን በዜሮ ስናባዛ −24 አገኘን ማለት ነው። አንቷን አርኖ በ1667 ያነሳው ተቃውሞ ይበልጥ የጠለቀ ነው፤ ዩክሊድን በቀጥታ ይዞ ይመጣልና። −1 በ−1 ተባዝቶ 1 ከሆነ፣ 1 ለ−1 ያለው ውድር −1 ለ1 ካለው ውድር ጋር እኩል ይሆናል። ታዲያ ትልቁ ለትንሹ የሆነው እንዴት ብሎ ትንሹ ለትልቁ ከሆነው ጋር ይተካከላል? ላይብኒትስ በ1712 ተቃውሞው ተገቢ መሆኑን አምኖ፣ እነዚህ እውነተኛ ውድሮች ባይሆኑም በስሌት ውስጥ ይሠራሉ ብሎ አለፈው። የዕዳው ምሳሌም ከዚህ ጣጣ አላወጣም። ደራሲው ስታንዳል በልጅነቱ ግሬኖብል ሲማር ያስጨነቀውን ጽፏል፦ ነጌቲቭ ዕዳ ከሆነ፣ የ10,000 ፍራንክ ዕዳ በ500 ፍራንክ ዕዳ ሲባዛ እንዴት የ5,000,000 ፍራንክ ሀብት ይወጣዋል? ልጁ ትክክል ነበር። ዕዳ በዕዳ አይባዛም። ዕዳ ለመደመርና ለመቀነስ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሁለት ዕዳዎችን እንደ አካፋይ ጎን ለጎን ማቆም ግን በገበያም በፍርድ ቤትም የማይታወቅ ነገር ነው።

ለውጡ የመጣው ከፍልስፍናው ሳይሆን ከእኩልዮሽ ሥራ ነው። ዴካርት በ1637 ባሳተመው «ጂኦሜትሪ» ሦስተኛ መጽሐፍ ከፍ ያለ ርቢ ያለውን እኩልዮሽ ዝቅ ለማድረግ የሚከተለውን ይመክራል፤ የመጨረሻውን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ሁሉ በተራ ውሰድ፤ ከመካከላቸው አንዱ ካልታወቀው ቁጥር ጋር በመደመር ወይም በመቀነስ ምልክት ተያይዞ ሙሉውን የሚያካፍል ባለ ሁለት ክፍል እንደሚሆን ፈትሽ። የሚሰጠው ምሳሌ ያልታወቀውን በ«ቀ» ብንጽፈው ቀ⁶ − 8ቀ⁴ − 124ቀ² − 64 = 0 ነው። የመጨረሻው ቁጥር −64 መሆኑን ልብ በሉ። ዴካርት ግን የመጨረሻው ቁጥር 64 ነው፣ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16፣ በ32 እና በ64 ይካፈላል ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ ቀ² ሲቀነስ 1፣ ቀ² ሲደመር 1 እያለ ሞክሮ ቀ² − 16 ላይ ይደርሳል፤ የቀረው ቀ⁴ + 8ቀ² + 4 ነው። የመቀነስ ምልክቷ ከ64 ላይ ጠፍታ ከ16 ፊት ብቅ አለች፤ እዚያም የ16 ንብረት አይደለችም፣ ሁለቱን ክፍሎች የምታያይዝ መጋጠሚያ ናት። ዴካርት በአንድ ገጽ ላይ የነጌቲቭ ቁጥር አካፋዮችን ፈልጎ አግኝቷል፤ ነጌቲቭ ቁጥርም፣ ነጌቲቭ አካፋይም ሳይጽፍ። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚያዩት አሉ። ለእኔ ግን ንጹሕ አቋም ነው፦ ቁጥር መጠን ነው፣ አካፋይም የመጠን ነው፣ ምልክት የአሠራር ነው።

ይህ አቋም የማያዋጣበት ቦታ ያጋጠመው ኒውተንን ነው። ካምብሪጅ ላይ ያስተማራቸው የአልጀብራ ትምህርቶች በ1707 በዊሊያም ዊስተን አማካይነት «አሪትሜቲካ ዩኒቨርሳሊስ» ተብለው ታተሙ፤ ደራሲው በኅትመቱ እምብዛም ደስ አላለውም። በመጽሐፉ ውስጥ የአካፋዮች ዘዴ አለ። ባልታወቀው ቁጥር ቦታ 1፣ 0፣ −1 የመሳሰሉ ተከታታይ ቁጥሮች ይተካሉ፤ የሚወጡት ውጤቶች ከነአካፋዮቻቸው ትይዩ ይጻፋሉ፤ አካፋዮቹም በፖዘቲቭም በነጌቲቭም ምልክት ይወሰዳሉ። ከዚያ ከየረድፉ አንድ አንድ ተመርጦ በእኩል ልዩነት የሚወርድ ቅደም ተከተል ይፈለጋል። ለማሳያ 2ቀ³ + ቀ² + 3ቀ − 2ን እንውሰድ። ቀ 1 ሲሆን 4 ይወጣል፤ 0 ሲሆን −2፤ −1 ሲሆን −6። አሁን አካፋዮቹን በዴካርት መንገድ ያለ ምልክት እንጻፍ፤ ለመጀመሪያው 1፣ 2፣ 4፤ ለሁለተኛው 1፣ 2፤ ለሦስተኛው 1፣ 2፣ 3፣ 6። ከላይ ወደ ታች በ1 ወይም በ2 እኩል የሚወርድ አንድም መስመር የለም። ምልክቶቹን ስንጨምር ግን ሁለት መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ −1፣ −2፣ −3 እና 1፣ −1፣ −3። የመጀመሪያው ቀ − 2ን ይጠቁማል፤ ሲሞከር አያካፍልም። ሁለተኛው 2ቀ − 1ን ይሰጣል፤ ሲካፈል ቀ² + ቀ + 2 ይወጣል፣ ቀሪ የለም። ያለ ምልክት 1፣ 1፣ 3 የነበረው ቁጥር ከነምልክቱ 1፣ −1፣ −3 ሲሆን ነው መልሱ የሚታየው። ስለዚህ የ−2 አካፋዮች ምንድን ናቸው የሚለው ጥያቄ እዚህ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም፤ በትክክል ካልተመለሰ እኩልዮሹ አይፈታም። የኒውተን መልስም አራት ናቸው ነው፤ 1፣ 2፣ −1፣ −2።

ይህ የወረቀት ላይ ብልሃት ነው እንጂ ምኑ ነው አዲስ ሐሳብ የሚል ይኖራል። ብልሃት መሆኑን አልክድም፤ ኒውተን አካፋይን እንደገና አልተረጎመም፣ አርኖንም አልመለሰም። ነገር ግን የዩክሊድ ሦስቱም ማሰሪያዎች በዚህ ብልሃት ሳይታወቅ ተፈቱ። አካፋዩ ከተካፋዩ ማነስ የለበትም፤ 2 የ−6 አካፋይ ሆኖ ከ−6 ይበልጣል። ክፍፍሉም የቆጠራ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ሌላ ቁጥር በማባዛት ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚል ብቻ ሆነ። አካፋይ ማለት ለኪ መሆኑ ቀርቶ የብዜት አባል ሆነ። ይህ ሽግግር ስላልታወጀ ብዙዎች ገና አሮጌውን ትርጉም ይዘው ሲከራከሩ እናገኛቸዋለን። ፍራንሲስ ማዜሬስ በ1758፣ ዊሊያም ፍሬንድ በ1796 በእንግሊዝ ነጌቲቭ ቁጥሮች ከአልጀብራ ይውጡ ብለው መጻፋቸው ብዙ ጊዜ እንደ ግትርነት ይቀርባል። የእነሱ ሙግት ግን ቁጥር መጠን ከሆነ ከምንም ያነሰ መጠን የለም የሚል ነበር፤ መነሻው ከተያዘ መደምደሚያው አይነቀፍም። የተሸነፉት በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው፤ አንዱን የእኩልዮሽ ዓይነት በየምልክቱ እየከፋፈሉ ለየብቻ መፍታት የሚመርጥ ጠፋ።

ቁጥሮችን ራሳቸውን ለሚያጠኑት ግን ምልክቱ ለረጅም ጊዜ አላስፈለገም። ኦይለር በ1770 ሴንት ፒተርስበርግ ባሳተመው አልጀብራ ነጌቲቭ በነጌቲቭን በማስወገድ ዘዴ ያስረዳል፤ መልሱ ወይ ፖዘቲቭ ወይ ነጌቲቭ ነው፣ ነጌቲቭ በፖዘቲቭ ነጌቲቭን ወስዷል፣ ስለዚህ የቀረው ፖዘቲቭ ነው ይላል። ጥቂት ምዕራፎች አልፎ ስለ አካፋዮች ሲጽፍ ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ከነአካፋዮቻቸው በሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ አንድም የመቀነስ ምልክት የለበትም። በዚያ ዘመን የአካፋይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። አንቶን ፌልከል በ1776 ቪየና ላይ ያሳተመው ገዢ በማጣቱ ወረቀቱ ለቱርክ ጦርነት የጥይት መጠቅለያ ሆነ ይባላል። ቸርናክ በ1811 ዴቬንተር ላይ እስከ 1,020,000 ያሉትን፣ ቡርክሃርት ከ1814 እስከ 1817 ፓሪስ ላይ እስከ 3,036,000 ያሉትን አሳተሙ። ከእነዚህ አንዱም ለነጌቲቭ ቁጥር አንድ መስመር አልሰጠም፤ መስጠቱም ወረቀት ማባከን ነበር፤ የ−91ን አካፋዮች የፈለገ የ91ን መስመር ያነባል። ሠንጠረዥ ሠሪዎቹ ሳያውቁት አንድ ትልቅ ነገር አምነዋል፦ ምልክቱ ስለ አካፋይነት ምንም አይናገርም።

ጋውስ በ1801 «ዲስኩዊዚሲዮኔስ አሪትሜቲኬ» ሲጽፍ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገጽ ተገናኙ። ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው በሦስተኛ ቁጥር ሲካፈል ቀሪ ከሌለው በዚያ ቁጥር ተስማሚ ናቸው ይላል፤ ቁጥሮቹ ፖዘቲቭም ነጌቲቭም ሊሆኑ ይችላሉ፤ −9 እና 16 ለምሳሌ በ5 ተስማሚ ናቸው፣ ልዩነታቸው 25 ነውና። ስለ አካፋዩ ግን በግርጌ ማስታወሻ ያለ ምንም ምልክት መወሰድ እንዳለበት ያዛል። ተካፋዩ ነጌቲቭ መሆን ይችላል፤ አካፋዩ አይችልም። ይህ እንግዲህ ከኒውተን ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። እኔ እንደማየው ግን ጋውስ ያየው ኒውተን ያላስፈለገውን ነገር ነው። ኒውተን እጩዎችን መሰብሰብ ነበር የፈለገው፤ እጩ ሲበዛ አይጎዳም። ጋውስ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ቁጥሮች፣ በአንድ መንገድ ብቻ እንደሚበተን ማረጋገጥ ፈልጓል። ምልክት ያላቸው አካፋዮች ከገቡ 6 ማለት 2 × 3 ነው፣ −2 × −3ም ነው፤ አንድ መንገድ የተባለው ሁለት ሆነ። የምልክቱ ጥያቄ ሳይመለስ ሊቆይ የሚችለው ምልክቱን በር ላይ በማስቀረት ነበር።

በሩ የተከፈተው በ1832 በታተመው ስለ አራተኛ ርቢ ቀሪዎች በሚናገረው ሁለተኛ ጥናቱ ነው። ጋውስ የ−1ን ዳግም ዘር ወደ ድፍን ቁጥሮች ጨመረ። እሱን በ«ኢ» ብንጽፈው፣ 5 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ይቀርና (2 + ኢ) × (2 − ኢ) ይሆናል። ግን (1 + 2ኢ) × (1 − 2ኢ)ም 5 ነው። ብቸኛ መበተን ጠፋ? አልጠፋም። (2 − ኢ)ን በኢ ብናባዛው 1 + 2ኢ ይወጣል፤ (2 + ኢ)ን በ−ኢ ብናባዛው 1 − 2ኢ። ሁለቱ መበተኖች የሚለያዩት 1፣ −1፣ ኢ እና −ኢ በተባሉ አራት ቁጥሮች ብቻ ነው። ጋውስ እነዚህን አሀዶች አላቸው፤ በአሀድ ብቻ የሚለያዩትን ቁጥሮች ደግሞ ተጓዳኝ። አሀዶች ሁሉንም ቁጥር ያካፍላሉ፣ ስለዚህ ስለ ማንም ቁጥር የሚነግሩን ነገር የለም። እዚህ አዲስ ዓለም ውስጥ ምልክትን በር ላይ አስቀምጦ መግባት አይቻልም፤ ከአራቱ ተጓዳኞች የትኛው ፖዘቲቭ ነው ተብሎ ሊጠየቅ አይችልምና። ስለዚህ ጋውስ ምልክትን ከመጣል ይልቅ ቦታ ሊሰጠው ተገደደ። ወደ ተራ ድፍን ቁጥሮች ዞር ብለን ስንመለከት ያው ነገር በትንሹ ይገኛል፤ አሀዶቹ 1 እና −1 ናቸው፣ 3 እና −3 ተጓዳኞች ናቸው። የ−12 ምልክት የ3ም፣ የ4ም፣ የ2ም አይደለም፤ የአሀዱ ነው፣ አሀዱም ከአንዱ አካፋይ ወደ ሌላው እንደፈለገ ይዘዋወራል። ለዚህ ነው 3 × −4 እና −3 × 4 በጽሑፍ ሁለት፣ በይዘት አንድ የሆኑት።

አንድ የትምህርት ቤት ጥያቄ ለመመለስ ይህን ያህል ርቆ መሄድ ያስፈልጋል ወይ ቢባል፣ −12ን ለመዘርዘር አያስፈልግም። ለምን −1 ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ያስፈልጋል። −1 ከ1 እና ከራሱ በቀር ፖዘቲቭም ነጌቲቭም አካፋይ የለውም፤ በአሮጌው አነጋገር ብቸኛ ነው ማለት ይቻላል። ከብቸኞቹ ከተቆጠረ ግን −12ን በአንድ −1፣ በሦስት፣ በአምስት እየጻፍን መበተኑ ማለቂያ ያጣል። ዴዴኪንድ በ1871 ነገሩን ጨርሶ ከቁጥር ወደ ስብስብ አዛወረው። ለእሱ የሚካፈለው 12 ወይም −12 ሳይሆን የብዜቶቻቸው ስብስብ ነው፤ የ12 ብዜቶችና የ−12 ብዜቶች ደግሞ አንድ ስብስብ ናቸው። ምልክቱ እዚያ ቦታም አያስፈልገውም።

ምልክቱ በዚህ ተሸኝቶ ቢቀር ታሪኩ ለአተራረክ ይመች ነበር። ግን ያው የ1801 መጽሐፍ ራሱ ያስቸግራል። ጋውስ ዋናውን የዳግም ርቢ ቀሪዎች ሕግ ሲያስቀምጥ በ4 ሲካፈሉ 1 የሚያስቀሩትን ብቸኛ ቁጥሮች በፖዘቲቭ፣ 3 የሚያስቀሩትን በነጌቲቭ ይወስዳቸዋል፤ 5፣ 13፣ 17 አንድ ወገን፣ −3፣ −7፣ −11 ሌላ ወገን። ሕጉ አጭርና ውብ የሚሆነው በዚህ አጻጻፍ ነው። ከዚህ የተነሳ የኋላ ሊቃውንት −84ን (−4) × (−3) × (−7) ብለው ይበትኑታል፤ እዚህ የእያንዳንዱ ምልክት ቦታ ተወስኗል፣ አንዱን ወደ ሌላው ማዘዋወር ስሌቱን ያበላሻል። ጆን ኮንዌይ ደግሞ በ1997 ስለ ዳግም ርቢ ቅርጾች ባሳተመው መጽሐፍ −1ን ከብቸኛ ቁጥሮች ጎን መቁጠር ለሥራው የሚቀና ሆኖ አግኝቶታል። ተጓዳኞች አካፋይነትን በተመለከተ እኩል ናቸው፤ በሁሉም ነገር እኩል ናቸው ያለ ግን የለም።

ዛሬ ኮምፒውተሮቻችን ይህን ሁሉ ሳያስታርቁ ተሸክመውታል። «ማቴማቲካ» የተባለው የስሌት ፕሮግራም −12ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች በትን ሲባል −1ን አንድ ጊዜ፣ 2ን ሁለት ጊዜ፣ 3ን አንድ ጊዜ ይጽፋል። ይኸው ፕሮግራም በሌላ ትእዛዝ የ−12ን አካፋዮች ዘርዝር ሲባል 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12 ብሎ ያቆማል፤ ምልክቱን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ውጤቱ ተመልሶ ሲባዛ −12ን መስጠት ስላለበት አሀዱን ሊጥል አይችልም። ሁለተኛው ግን የቸርናክን ሠንጠረዥ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ነጌቲቭ መስመር ኖሮ አያውቅም።